ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረች ጣውንት

ጃንዋሪ 11፣ ሐሙስ

በረዶ። ባቄላ ጥጃለሁ፤ ማለት ቬርነን ጣደ፣ እኔ ሶፋ ላይ ሆኜ አዘዝኩ።

ጉልበቴ ከተቀየረ ዛሬ ስምንተኛ ቀን። አዲሱ ጉልበት ብረት ነው። ባሌ ከሆስፒታል ሊያወጣኝ ሲመጣ ሐኪሙን ምን ብሎ ጠየቀ? "የተሠራበት ዓመትና ቁጥር አለው ወይ?" ሐኪሙ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ አርባ ስድስት ዓመት አብሬው የኖርኩት አልሳቅኩም።

ከመንገዱ እስከ በራችን ሠላሳ ሰባት የድንጋይ ደረጃ። ወደ ላይ አራት ሰው ተሸክሞ አወጣኝ። ወደ ታችስ? ማንም አላነሳው።

ከቤቱ ሥር፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ አርባ ሁለት የድሮ የጦር ጠመንጃ አለ። እርጥበታቸውን የሚመጥ ማሽን ቀን ከሌት ያጓራል። ሙቀታቸው በቀን ሁለቴ ይለካል። የእኔ ሙቀት የተለካው ሆስፒታል ነው። አርባ ሦስተኛዋ እዚሁ ሳሎን ከምድጃው በላይ ተሰቅላለች። ቬርነን "ንግሥቲቱ" ይላታል። ለእኔ ጣውንቴ ናት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

እኔ ሶፋ ላይ፣ እሷ ግድግዳ ላይ። ሁለታችንም እስረኛ። እሷ ግን ዋጋዋ ይጨምራል።

ጃንዋሪ 14፣ እሑድ

ልጄ ኮሊን ደወለች። ከቤቷ ሁለት በር አልፎ ያለች አሮጊት ቤቷን ልትሸጥ ነው።

"ደረጃ የለውም፣ እማዬ።"

"አንድም?"

"አንድም። ከመኪና ስትወርጂ ወጥ ቤት ነሽ።"

አለቀስኩ መሰለኝ። ስለ ወጥ ቤት ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነው። አሮጊቷ እስከ ማርች መጨረሻ ትጠብቀናለች፣ ከዚያ ለሌላ ሰው ትሰጣለች። የእኛ ገንዘብ ደግሞ ባንክ አይደለም ያለው። ምድር ቤት፣ በዘይት ተወልውሎ።

ለቬርነን ነገርኩት።

"ጠመንጃዎቹን እንሽጣቸው?"

"አሁን? ዋጋው እየወጣ?"

"ሲወርድስ?"

"ሲወርድ ማን ይሸጣል?"

እንዲህ ጥርቅም ብሎ የተዘጋ በር አይቼ አላውቅም።

ጃንዋሪ 20፣ ቅዳሜ

ዴልበርት መጣ። የቬርነን የልብ ወዳጅ፣ የጠመንጃ ሰብሳቢዎች ማኅበር ገንዘብ ያዥ፣ በቋሊማ የምሞላው የፔፐሮኒ ዳቦዬ ጠላት። አራቱን ጨረሰ።

ታስሬ የለ፣ የማልሰማው ነገር የለም። ጠየቅኩት። "እስቲ ዴልበርት፣ ይኼ አሮጌ ብረት ለምንድነው እንዲህ የተወደደው?"

"አርሊንዬ፣ ድሮ እኮ ዕቃ መሸጫው ውስጥ በርሜል ሙሉ ቆሞ ነበር። እንደ ጃንጥላ። ሠላሳ ዶላር ሰጥተሽ መርጠሽ ትሄጃለሽ። አባቴ አንዱን ገዝቶ ለአጋዘን አደን እንዲቀለው ብሎ አፈሙዙን በመጋዝ ቆረጠው።"

ቬርነን ቆቡን አወለቀ። "ነፍስ ይማር" አለ። ለአባትየው መስሎኝ ነበር። ለጠመንጃው ነው።

"እንግዲያ አሁን የተወደደው ያኔ ስለረከሰ ነው?"

"እንዴታ! ርካሽ ስለነበር ሁሉም ቆረጠው፣ ቀባው፣ አበላሸው። ሳይነካ የቀረው ጥቂት ነው። ፋብሪካው ድሮ ተዘጋ። ከውጭ የሚገባውም ቆመ። በጦርነቱ የያዙት ልጆች ደግሞ..." ዳቦውን አስቀመጠ። "አባቶቻችን የያዙትን መያዝ ነው የምንፈልገው፣ አርሊንዬ። ስለ ጦርነቱ አይነግሩንም ነበር። እሷ ትነግረን እንደሆን ብለን ነው።"

ዳቦውን አንስቼ መልሼ እጁ ላይ አኖርኩለት። 

ሕጉ ግን ይገርማል። ሰደፉ ላይ ወታደር ከጫረ ዋጋ ይወጣል፣ ቬርነን ከጫረ ዋጋ ይወድቃል። የሰባ ዓመት ቆሻሻ ቅርስ ነው፣ የአምናው ቆሻሻ ቆሻሻ ነው። ማጽዳት ወንጀል ነው። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ደግሞ... ስሙም አይነሳ። የሁሉም ነገር ቁልፍ "ኦርጅናል" የምትባል ቃል ናት። ወንዶቹ ሲጠሯት ድምፃቸው ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ዝቅ ይላል። ዳኛው ቬርነን ነው። እሱ "ፎርጅድ" ካለ ይግባኝ የለም። የዴልበርትንም ጠመንጃ በ2011፣ በማኅበሩ ቁርስ ላይ፣ ስድሳ ሰው ፊት "ሰደፉ ላይ ያለው ማኅተም ፎርጅድ ነው" ያለው እሱ ነው። ዴልበርት በሳምንቱ በርካሽ ሸጠው። ቤታችን መምጣቱን ግን አልተወም። ለዳቦው ይሆን?

ሊሄድ ሲል የእጅ ባትሪውን አውጥቶ ወደ ጣውንቴ ጠጋ አለ። "እስቲ ዛሬ እንኳ ፊቷን ልያት።"

"ዳቦው እንዳይበርድ!" አለ ቬርነን። ዳቦው ከጠዋት ጀምሮ የቀዘቀዘ ነው።

ጃንዋሪ 29፣ ሰኞ

ደረጃውን በመስኮት ቆጠርኩ። ሠላሳ ሰባት። ትናንትም ሠላሳ ሰባት ነበር።

ፌብሩዋሪ 6፣ ማክሰኞ

ኮሊን ገዢ አገኘች። ስቶልትዝ የሚባል የፒትስበርግ ሰው፣ ስብስቦችን በጅምላ የሚገዛ። ቬርነን ስልኩን እንደ ጥርስ ሐኪም ወንበር ፈርቶ ያዘው። ግን ተስማማ! አርባ ሁለቱን አንድ በአንድ እየጠራ፣ ዓመታቸውን፣ ቁጥራቸውን... እኔ ሶፋው ላይ ሆኜ የአዲሱን ወጥ ቤት መጋረጃ ቀለም እየመረጥኩ ነበር።

ከዚያ ስቶልትዝ አንድ ነገር ጠየቀ። የቬርነን ጆሮ ቀላ።

"እሷ አትሸጥም።" አዳመጠ። "ኧረ ለማየትም አትቀርብም።" እንደገና አዳመጠ። "እንግዲያው ይቅር።"

ዘጋው።

"ምን አለ?"

"ንግሥቲቱ ከሌለች አልመጣም አለ። አርባ ሁለቱ ያለሷ ቅቤ የሌለው ዳቦ ናቸው አለ።"

"ታዲያ ስጠዋ!"

"አርሊን፣ ይኼን ነገር አታንሺብኝ።"

አርባ ሁለቱን በአሥር ደቂቃ ሸጧል። ለአንዷ ብሎ እኔን ከነጉልበቴ እዚህ ኮረብታ ላይ ሊቀብረኝ ነው። ጣውንት ስላት ለቀልድ ነበር። አሁን እንጃ።

ፌብሩዋሪ 17፣ ቅዳሜ

እብድ ሆኜ ብቻዬን ደረጃውን ልወርድ ወጣሁ። ቬርነን ምድር ቤት ነበር። ሐሳቤ የት ለመድረስ ነበር? የፖስታ ሳጥኑ ጋ። ለእኔ ዛሬ ባሕር ማዶ ማለት የፖስታ ሳጥን ነው።

አሥራ አንደኛው ላይ ጉልበቴ እምቢ አለ። ወደ ላይም ወደ ታችም የለም። ተቀመጥኩ። በረዶው በቀሚሴ አልፎ ገባ። አርባ ደቂቃ ሳይሆን አይቀርም። ጎረቤቶቹ ከታች በመኪና ሲያልፉ እጃቸውን አወዛወዙልኝ። አየር የምቀበል መስሏቸው። እኔም አወዛወዝኩ... ምን ላድርግ?

ቬርነን አገኘኝ። ይጮህብኛል ስል አጠገቤ በረዶው ላይ ቁጭ አለ። 

"አልችልም፣ አርሊን" አለ።

"እኔን ማንሳት?"

"እሱንም።"

"ሌላው ምንድነው?"

"ተይው በቃ።"

ፊቱ የሰባ አራት ዓመት ሰው አልመሰለኝም። የሆነ ነገር ሰብሮ የደበቀ ልጅ መሰለኝ።

ፌብሩዋሪ 24፣ ቅዳሜ

ቬርነንና ዴልበርት ለሁለት ቀን ወደ ኮሎምበስ የጠመንጃ ገበያ ሄዱ። ኮሊን ማታ ትመጣለች። እስከዚያ እኔና ጣውንቴ።

"እንዳትነኪያት" ብሎኝ ነው የሄደው። በሩ ላይ አንዴ። ደረጃው ሥር ሆኖ ጮሆ፣ አንዴ።

የእሱ ጥፋት ነው። አንዴ ብቻ ቢለኝ አልነካትም ነበር።

በምርኩዜ መንጠቆውን ገፋሁት፣ እቅፌ ውስጥ ወረደች። የጠገበ ጨቅላ ያህል ትከብዳለች። ገልብጬ መስኮቱ ጋ ወሰድኳት። ያ ታላቁ ማኅተም ይኸውና፣ ሰደፉ ላይ። አራት ማዕዘን ሳጥን፣ ውስጡ ጠመንጃውን መርምሮ ያሳለፈው ሰው የስም ፊደላት። አውራ ጣት የምታህል ቦታ። ዘጠኝ ሺህ ዶላር ዋጋ የሰጣት ይኼ ነው። ያለሱ እንጨትና ብረት ናት።

እኔ ግን ወንበር ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት እንጨት ሳለሰልስ የኖርኩ ሴት ነኝ። ስለ ጠመንጃ አላውቅም። ጭረት ግን አውቃለሁ።

በማኅተሙ መሐል አንድ የቆየ ጭረት ያልፋል። ጭረቱ ከማኅተሙ በኋላ የመጣ ቢሆን ፊደሎቹን ይቆርጣቸው ነበር። እዚህ ግን ፊደሎቹ ናቸው ጭረቱን የደፈጠጡት። ጭረቱ አዛውንት ነው፣ ማኅተሙ ልጅ። አፍጥጬ አየሁ። የእንግሊዝኛው "ጂ" ፊደል ጅራት የለውም። ተሰብሯል።

የተሰበረ ጅራት...

ዴልበርት! በ2011 ቬርነን የዴልበርትን ማኅተም ፎርጅድ ነው ያለበት ምክንያት እኮ ይኼ ነበር። "የጂው ጅራት የተሰበረ ነው፣ የአጭበርባሪ ማኅተም መምቻ ነው" ብሎ። ሁለቱም ጠመንጃቸውን የገዙት ከአንድ ሰው ነው፣ በአንድ ቀን። ቬርነን ዴልበርትን ካዋረደበት ቁርስ ተመልሶ ምሳ አልበላም። ማጉያ መነጽሩን ይዞ ምድጃው ጋ ሲቆም ትዝ ይለኛል። በማግሥቱ ጣውንቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። "ከጢስ ልጠብቃት ብዬ ነው" አለኝ።

አሥራ ሦስት ዓመት። ወይ ጉድ።

ስቶልትዝ በማጉያ ካያት ወሬው ፀሐይ ሳትጠልቅ ማኅበሩ ጋ ይደርሳል። የወዳጁን ጠመንጃ ስድሳ ሰው ፊት ያዋረደው ዳኛ የራሱን ፎርጅድ ሰቅሎ ነው የኖረው ይባላል። ለዚህ ነው የማይሸጣት። እኔን ያሰረኝ ጉልበቴ ነው ስል፣ ደረጃው ነው ስል፣ ጣውንቴ ናት ስል... ለካ አንድ ፊደል ነው። እሱንም ጭምር።

ፌብሩዋሪ 25፣ እሑድ

አልተኛሁም። ኮሊን ወተቷ እንደተደፋባት ድመት ነው የምትመስይው አለችኝ... አላልኳትም ምንም። ከሰዓት በፊት ሄደች።

ልንገረው? "አውቄብሃለሁ" ብዬ? ሰው ሚስቱ ከምታውቀው ውሸት ጋር አንድ ቤት መኖር ይችላል። ሚስቱ ማወቋን ካወቀ ግን ቤቱ ይጠበዋል። ቤታችን ደግሞ እንደሆነ ጠቧል።

እና አንድ መላ ብቻ ታየኝ። ማኅበሩ ውስጥ ከፎርጅድ የሚብስ አንድ ነገር አለ፣ ያውም የባል ኃጢአት አይደለም። የሚስት አላዋቂነት ነው። አይሳቅበትም፣ ይለቀስለታል።

መሣሪያ ሳጥኔን አወጣሁ። ብርጭቆ ወረቀት፣ ሸካራውም ለስላሳውም። የተልባ ዘይት።

ከማኅተሙ ጀመርኩ። ሐሳቤን እንዳልቀይር።

ከዚያ ሰደፉን በሙሉ። እጄ አልረሳም። ከሰባ ዓመት ቆሻሻ ሥር የወጣው እንጨት የማር ቀለም አለው። ውብ ነው። ይኼን ለማንም መናገር አልችልም።

በመጨረሻ ፊቷን ወደ ሳሎኑ አዙሬ ሰቀልኳት። ደህና ሰነበትሽ፣ ጣውንቴ።

ፌብሩዋሪ 26፣ ሰኞ

ትናንት ማታ ገባ። አያት። ኮቱን ሳያወልቅ ቆመ።

"ላስደስትህ ብዬ ነው" አልኩ። "አቧራ ነበራት።"

ኮቱን እንደለበሰ ምድር ቤት ወረደ። ዛሬም ሙሉ ቀን እዚያ ነው። የእርጥበቱ ማሽን ብቻ ያጓራል።

እና ባያውቅስ? ያን ቀን በማጉያው ያየው ሌላ ነገር ቢሆንስ? ሲያምናት ቢሆንስ የኖረው? በአንድ ጭረት ተነስቼ የሰውየውን ሕይወት ፍቄ ጥዬ ከሆነስ?... ሠላሳ ሰባት ደረጃ ምንም አይደለም። የማይናገር ባል ጋር መታሰር ነው እስር።

ፌብሩዋሪ 29፣ ሐሙስ

ለቅሶ ደራሾች መጡ። አላጋነንኩም። ማኅበሩ በየተራ። በብርድ ሠላሳ ሰባቱን ደረጃ ወጥተው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው። አንዱ ሚስቱ የጋገረችውን የድንች ትሪ ይዞ መጣ። ድንቹን ለቬርነን ሰጠው፣ እኔን በዓይኑ አልነካኝም።

"መቼ ነው?" ይላሉ ዝቅ ብለው።

"እሑድ።"

"ብቻዋን ነበረች?"

"ብቻዋን።"

"በምን?"

ቬርነን መልስ ከመስጠቱ በፊት ትንፋሹን ሰበሰበ። "በብርጭቆ ወረቀት።"

አንድ ትልቅ ሰው ግድግዳውን ተደገፈ።

ሶፋው ላይ ነኝ እኮ። ሁለት ሜትር አይሞላም። ስለ እኔ እንደ ጎርፍ ያወራሉ፤ ያደረሰውን ጉዳት እንጂ ስሙን የሚጠራ የለም። "አላዋቂ ሳሚ..." ብሎ ጀመረ አንዱ፣ ተረቱን እንኳን አልጨረሰውም።

ዴልበርት ብቻ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። "ደህና ነሽ፣ አርሊንዬ?" ዳቦ አልጠየቀም።

ማርች 2፣ ቅዳሜ

ስቶልትዝ መጣ! ሳይጠራ! ወሬው ፒትስበርግ ደርሶ ገና በጠዋት ከነመኪናው፣ ከሁለት ሠራተኞቹ ጋር።

"አርባ ሁለቱ የት ናቸው?" አለ ገና በሩ ላይ። "ዛሬውኑ እወስዳቸዋለሁ።"

"ያለ ንግሥቲቱ?" አለ ቬርነን።

ስቶልትዝ እኔን አየ። ከዚያ ምርኩዜን። ከዚያ መሣሪያ ሳጥኔን። "ጌታዬ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኝህ ሴት ባሉበት ቤት አንድ ሌሊት ማደር የለባቸውም።"

በሕይወቴ እንዲህ የተፈራሁበት ቀን የለም። ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ሳጥኔንም ትንሽ ጠጋ አደረግኩት። ዋጋው ላይ አልተከራከረም።

ሲያበቃ ስቶልትዝ ንግሥቲቱን አውርዶ ገለበጣት። አውራ ጣቱን ማኅተሙ በነበረበት አሳለፈ። "እዩት... ጎድጉዷል። ከሰደፉ ሁሉ አብዝታ የፋቀችው እዚችው ላይ። ምን ዓይነት ዕድል ነው?"

"ዕድል አይደለም" አለ ቬርነን።

ዞር ብለን አየነው። ሁላችንም።

"እርግማን ነው ማለቴ" አለ። ሳለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አይቶኝ አያውቅም። ከድንቹ ትሪ ላይ የቀረውን አሙቆ በሳህን ሰጠኝ፣ ከእኔ ጋር በላ።

ያውቅ ነበር።

ስቶልትዝ ሲጭን አርባ አንድ ሆኑበት። "አሥራ ሰባተኛው ላይ ሁለቴ ጽፌ ነው" አለ ቬርነን። ቁጥር ተሳስቶ የማያውቅ ሰው።

ኤፕሪል 20፣ ቅዳሜ

አዲሱ ቤት። መጋረጃው ቢጫ ነው። ወጥ ቤቱ ከመኪናው አሥራ አራት እርምጃ።

ዴልበርት በጆንያ የዱር ሽንኩርት ይዞ መጣ። የወቅቱ ነው፤ ከድንችና ከአሳማ ሥጋ ጋር ጠበስኩት፣ ቤቱ እስከ ሰኞ ይገማል። ንግሥቲቱ ሳሎን ውስጥ ፊቷን ወደ እኛ አድርጋ ተሰቅላለች። አሁን ማንም ያወርዳታል። የጎረቤት ሴትዮ ሳትቀር ታቅፋ መዝናታለች። ቬርነን ለእያንዳንዱ ሰው ይተርካል። "ኦርጅናል ነበረች። ዘጠኝ ሺህ። ከዚያ ሚስቴ..." ሁሉም ዞሮ ያየኛል። አንገቴን እደፋለሁ። ዳኝነቱን ትቷል፤ "ዓይኔ ደከመ" ብሎ።

ከምሳ በኋላ መኝታ ቤት ገብቶ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አምጥቶ ለዴልበርት ሰጠው። "አሥራ ሰባተኛዋ ናት። ከነማኅተሟ። ቦታ ያዘችብኝ።"

ዴልበርት ፈታት። ባትሪውን አላወጣም። "አባቴ የያዘው ዓይነት" አለ ብቻ።

"አውቃለሁ" አለ ቬርነን። "ቀድሞ መስጠት ነበረብኝ።"

ሲሄድ ሸኘሁት። በሩን ከፍቼ፣ ያለ ምርኩዝ፣ እስከ መኪናው! ከገና ወዲህ ሰው ስሸኝ የመጀመሪያዬ ነው። ጠመንጃዋን ኋላ ወንበር ላይ አስተኛት።

"አርሊንዬ፣ የእኔዋ ጂ ጅራት አልነበረውም። ከአንድ ሰው ነው የገዛነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ የንግሥቲቱን ፊት ማየት ፈልጌ ነበር።"

"አሁን አየሃት።"

"አየኋት።" የመኪናውን በር ይዞ ቆመ። "አሳምረሽ ነው ያለሰለስሽው።"

"አሥራ አንድ ዓመት ወንበር ፋብሪካ ነበርኩ" አልኩት።

መኪናው እስኪታጠፍ ቆምኩ። ከዚያ ዞርኩና ገባሁ።